በወርሃዊ ክፍያ ጌም ውስጥ ልብስና ማውንት መግዛት፦ ከባሕር ዳር ሆነው ለሚጫወቱ

ወርሃዊ ክፍያ ያለበት የኦንላይን ጌም የኪራይ ቤት ነው። በየወሩ ይከፈላል፣ ይገባል፤ ካልተከፈለ በሩ ይዘጋል። በዚያ ላይ ልብስ ወይም ማውንት (ጌሙ ውስጥ የሚጋለብ እንስሳ) ለብቻው በገንዘብ መግዛት በኪራይ ቤት ወለል ላይ ሴራሚክ እንደ ማንጠፍ ነው። ያምራል፣ በየቀኑ ያስደስታል፣ ለቃችሁ ስትወጡ ግን ነቅላችሁ አትወስዱትም። ብዙ ዓመት እንደሚኖርበት የሚያውቅ ተከራይ ቢያነጥፍ አይፈረድበትም። ነገ ይልቀቅ አይልቀቅ የማያውቅ ግን መጀመሪያ ሒሳብ ይሥራ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን ሒሳብ በትክክል ለመሥራት ነው።

መዋቢያ ዕቃ የምንለው ኃይል የማይጨምረውን፣ መልክ ብቻ የሚቀይረውን ነው፦ ልብስ፣ የጠፈር መርከብ ስኪን (የውጭ ቀለምና ገጽታ)፣ የሚጋለብ ማውንት፣ ከኋላ የሚከተል ትንሽ እንስሳ፣ የጭፈራና የሰላምታ እንቅስቃሴ፣ የቤት ዕቃ። ምሳሌዎቻችንን የወሰድነው በወርሃዊ ክፍያ ከሚታወቁት ሦስቱ ነው፤ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት፣ ፋይናል ፋንታሲ 14 እና ኢቭ ኦንላይን። በነጻ ተጀምሮ ስኪን ብቻ ከሚሸጥባቸው የስልክ ጌሞች ጋር እንዳታምታቷቸው። እዚያ አንድ ዓመት ጠፍታችሁ ብትመለሱ ስኪናችሁ ይጠብቃችኋል፣ ወዲያው ትለብሱታላችሁ። እዚህ ግን የገዛችሁት ልብስ አካውንታችሁ ላይ ቢኖርም ወርሃዊው እስካልተከፈለ ድረስ በአብዛኛው አትጠቀሙበትም።

ዋጋውን በቀን ቁጠሩት

የመዋቢያ ዕቃን ዋጋ በዶላር ማየት ያታልላል። በመጫወቻ ቀን ለውጡት። የወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ወርሃዊ ክፍያ በአሜሪካ ዋጋ 14.99 ዶላር ነው፤ ለአንድ ቀን ሃምሳ ሳንቲም መሆኑ ነው። በመደብሩ ከሚሸጡት ማውንቶች የብዙዎቹ ዋጋ 25 ዶላር ነው። ስለዚህ አንዱ ማውንት የ50 ቀን ጨዋታ ይበላል። ይህ ዋጋ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሚያዝያ ከዋክብት የሚያብለጨልጩበት በራሪ ፈረስ በ25 ዶላር ሲቀርብ በርካታ ተጫዋቾች "ወርሃዊ እየከፈልን ሌላ ለምን?" ብለው ተቆጥተው ነበር፤ ያም ሆኖ ፈረሱ እጅግ ተሸጠ፣ መንገዱም በዚያው ተከፈተ።

አሁን ወደ ብር እንምጣ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋው ስለሚለዋወጥ በምትከፍሉበት ቀን ባንካችሁ የለጠፈውን የመሸጫ ዋጋ ውሰዱ። ለስሌት ያህል አንድ ዶላር 150 ብር ነው እንበል። ወርሃዊው ወደ 2,250 ብር፣ ማውንቱ 3,750 ብር፣ የዓመቱ ክፍያ ያለ ምንም ጌጥ ወደ 27,000 ብር ይሆናል። የባንክ የአገልግሎት ክፍያና መደብሩ መጨረሻ ላይ የሚጨምረው ታክስ ካለ ከዚህ በላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀጥሉትን ሦስት ወራት ወርሃዊ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ማውንት የሚገዛው ከዚያ በተረፈው ነው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የሚሆነው ይታወቃል፦ ማውንቱ በወሩ ሃያኛ ቀን ይገዛል፣ በሠላሳኛው ቀን መግቢያ ይጠፋል፣ ማውንቱ በረት ውስጥ ይቆማል።

ዕቃው ከማን ጋር ይታሰራል?

ከመክፈላችሁ በፊት መልስ ማግኘት ያለበት ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ከአካውንቱ ጋር ነው ወይስ ከአንድ ካራክተር (አካውንቱ ውስጥ ፈጥራችሁ ከምትጫወቱበት ገጸ ባሕርይ) ጋር? ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ከመደብር የሚገዙ ማውንቶችና ትናንሽ እንስሳት በአብዛኛው ወደ አካውንቱ ስብስብ ስለሚገቡ ሁሉም ካራክተሮቻችሁ ይጠቀሙባቸዋል። ገደቡ ክልል ላይ ነው፦ የአውሮፓና የአሜሪካ ክልሎች የተለያዩ ቤቶች ናቸው። አውሮፓ ላይ የተገዛው አሜሪካ ላይ ይኖራል ብላችሁ አትቁጠሩ። ከባሕር ዳር ለሚጫወት ሰው አውሮፓ ይቀርባል፣ ፒንጉም (መረጃ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ያንሳል። ዲሲ ወይም ሲያትል ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ጋር አብሮ ለመጫወት ብሎ አሜሪካን የሚመርጥ ግን የመዋቢያ ገንዘቡንም እዚያው ማፍሰሱ እንደሆነ አውቆ ይግባ።

ፋይናል ፋንታሲ 14 ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሞግ ስቴሽን መደብር ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ለአንድ ካራክተር ብቻ ወይም በአካውንቱ ላሉት ሁሉ የሚል ጽሑፍ አለ። ብዙ ልብሶች ለአንድ ካራክተር ብቻ ናቸው፣ ብዙ ማውንቶች ደግሞ ለሁሉም፤ ነገር ግን ስም አይታችሁ አትገምቱ፣ ጽሑፉን አንብቡ። የአንድ ካራክተር ዕቃ ስትገዙ መደብሩ የትኛው ካራክተር እንደሆነ ይጠይቃል። እዚህ ገጽ ላይ ተቻኩሎ የመጀመሪያውን ስም መንካት የተለመደ ስህተት ነው፤ ልብሱ ለሙከራ ለተፈጠረና ለተረሳ ካራክተር ይሄዳል። መመለሻ የለውም ብላችሁ ተነሡ።

ሌላም አለ። ይህን ጌም ስቲም ከተባለው የጌም መሸጫ የገዛ ሰው ማስፋፊያዎቹንም በስቲም መግዛት አለበት፤ የስቲምና የኩባንያው የራሱ የዊንዶውስ ቅጂ አይቀላቀሉም። ከውጭ የተላከ ኮድ አልቀበል ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ነጻ ሙከራው ደግሞ በዚህ ጌም እጅግ ለጋስ ነው፣ እስከ 70ኛ ደረጃ ያለ ቀን ገደብ ያጫውታል። አንድ ጊዜ ወደ ክፍያ ከተሻገራችሁ ግን ያ አካውንት ወደ ነጻው አይመለስም። ለአንድ ልብስ ብሎ ከነጻ ሙከራ የሚወጣ ሰው የገዛው ልብሱን ብቻ አይደለም፣ ወርሃዊ ዕዳም ነው።

በኢቭ ኦንላይን ስኪን የሚሠራው ለአንድ የጠፈር መርከብ ዓይነት ነው። ሌላ መርከብ መብረር ስትጀምሩ ስኪኑ አይከተላችሁም። ያልተከፈተ የስኪን ፈቃድ ጌሙ ውስጥ ለሌላ ሰው መሸጥ ይቻላል፤ ከከፈታችሁት ግን ከካራክተሩ ጋር ታሰረ ማለት ነው። ስለዚህ የምትበሩትን መርከብ በትክክል እስክታውቁ አትክፈቱት። መደብሩ የሚሠራው ፕሌክስ በተባለው ገንዘብ ነው፤ የአንድ ወር ሙሉ አባልነት በፕሌክስ 500 ነው። በዚህ ጌም ዕቃ ሲያምራችሁ "ይህ ፕሌክስ ስንት ቀን ያበረኛል?" ብሎ መጠየቅ ቀላል የሆነው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ካራክተር የሚያደርገው አንድ መነጽር ከ60 ዶላር በላይ በሚያወጣ ዋጋ ሲቀርብ ተጫዋቾች ጂታ በተባለው የንግድ ማዕከል ተሰብስበው ሐውልት ላይ በመተኮስ ተቃወሙ። ቁጣው ከዋጋው አልፎ፣ ነገ ኃይል የሚጨምር ዕቃም ይሸጣል የሚል ስጋት ነበር። መልክና ኃይል የሚለዩበት መስመር በወርሃዊ ጌም ውስጥ ይህን ያህል የሚጠበቀው ሁሉም እኩል ከፍሎ ስለሚገባ ነው።

ሳይከፈል የሚገኘውን መጀመሪያ ጨርሱ

ወርሃዊውን ስትከፍሉ የከፈላችሁባቸው ጌጦች አሉ። እነርሱን ሳይወስዱ ወደ መደብር መሄድ ጤፍ ጎተራ ውስጥ እያለ እንጀራ ከሱቅ መግዛት ነው።

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. ከ2023 የካቲት ጀምሮ ትሬዲንግ ፖስት የሚባል ቦታ አለው፤ ስቶርምዊንድና ኦርግሪማር ከተሞች ውስጥ ይገኛል። ወርሃዊ ከፋይ በመሆናችሁ ብቻ በየወሩ እዚያ ጌጥ የሚገዛበት 500 መገበያያ ትቀበላላችሁ፣ የወሩን ሥራዎች ስትጨርሱ እስከ 500 ይጨመራል። ያልወጣው ወደሚቀጥለው ወር ይሻገራል። ዕቃዎቹ በፈረንጅ ወር መጀመሪያ ላይ ይለወጣሉ። የሚያምራችሁ ልብስ በዚህ ወር መገበያያ አልበቃ ካለ "ማቀዝቀዝ" የሚባል ነገር አለ፦ አንድ ዕቃ ብቻ መርጣችሁ ታግዱታላችሁ፣ በሚቀጥለው ወርም እዚያው ይጠብቃችኋል። ይህን ባለማወቅ ብዙዎች የሚወዱትን ዕቃ ያሳልፋሉ። ቦታው አጠገብ ያለውን ሣጥን ከፍታችሁ ወርሃዊ ድርሻችሁን መውሰድም አትርሱ።

በዚሁ ጌም እ.ኤ.አ. ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ ያገኛችሁትን ጠንካራ ልብስ መልክ በሌላ ልብስ መልክ መቀየር ይቻላል። ክፍያው የጌሙ ወርቅ ነው። ገደቡ የልብሱ ዓይነት ነው፤ የጨርቅ ለባሽ የብረት ጥሩር መልክ አይወስድም። የድሮ ደንጀኖችን (በጠላት የተሞሉ የውጊያ ቦታዎችን) እና የድሮ ዘመቻዎችን ብቻውን የሚዞር ከፍተኛ ደረጃ ያለው ካራክተር በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከመደብሩ የማይተናነስ ሙሉ ልብስ ይሰበስባል። ፋይናል ፋንታሲ 14 ውስጥም ተመሳሳይ ነገር አለ፣ በ15ኛ ደረጃ አካባቢ በአንድ ተልእኮ ይከፈታል። ለመልክ ለውጡ የሚያስፈልገው ፕሪዝም ከገበያ በጌሙ ገንዘብ ይገዛል።

ስለ ፋይናል ፋንታሲ 14 በዓላት አንድ ጠቃሚ ነገር እንጨምር። ለበዓል የሚሰጥ ልብስና ማውንት በበዓሉ ሰሞን አጭር ተልእኮ ለሠራ ሰው በነጻ ነው። ያ በዓል ካለፈ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ በሚቀጥለው ዓመት፣ ያው ዕቃ በመደብሩ በገንዘብ ይሸጣል። ስለዚህ ወርሃዊውን በየወሩ መክፈል ለማይችል ሰው የሚከፍልበትን ወር ከበዓል ጋር ማገጣጠም ከሁሉ የተሻለ ቁጠባ ነው፦ በአንድ ወር ክፍያ ጨዋታውም ዕቃውም ይገኛል።

የወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ቶከንም እዚህ ይነሣ። በ20 ዶላር የሚገዛ፣ ጌሙ ውስጥ በወርቅ የሚሸጥ ዕቃ ነው። በወርቅ የገዛው ሰው ወይ 30 ቀን ይጫወትበታል ወይ 15 ዶላር ባትልኔት ወደተባለው የጌሙ ኩባንያ ሒሳቡ ያስገባል። ዶላር ከሌላችሁና ወርቅ ካላችሁ ሁለት ቶከን 30 ዶላር ነው፤ 25ቱን ለማውንት ከፍላችሁ 5 ይተርፋል። ወርቅ ለመሰብሰብ የሚፈጀው ሰዓት ግን ብዙ ነው። ያንን ሰዓት እንደ ጨዋታ ካላያችሁት አይመከርም። ወርቅን ከውጭ ሰው በብር መግዛት ደግሞ ውል ማፍረስ ነው፣ አካውንት ያስዘጋል።

ልኩን ሳታዩ አትግዙ

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል። ጌምም የራሱ ጥምቀተ ባሕር አለው፤ ሰው የሚሰበሰብበት ዋና ከተማ፣ የገበያው አደባባይ፣ የጓደኞች ቤት። አብዛኛውን ጊዜያችሁን ብቻችሁን ማዕድን በመቆፈር ወይም ዓሣ በማጥመድ የምታሳልፉ ከሆነ የ25 ዶላር ማውንት የሚያይላችሁ የለም። ለራስ ደስታ መግዛትም ያው በቂ ምክንያት ነው፤ ብቻ ለየትኛው እንደምትገዙ እወቁ።

በመደብር ቪዲዮ ላይ የሚታየው ልብስ በከፍተኛው ግራፊክስ፣ በተመረጠ ቁመናና ዘር ላይ የለበሰ ነው። ጌሙ ውስጥ ባለው መሞከሪያ መስታወት በራሳችሁ ካራክተር ላይ አልብሱት። በፋይናል ፋንታሲ 14 ቪዬራና ህሮትጋር የተባሉት ዘሮች ላይ ብዙ ባርኔጣዎች ጨርሶ አይታዩም፤ ባርኔጣው የልብሱ ግማሽ ውበት ከሆነ ገንዘቡ ግማሽ ባከነ። ልብሱ ቀለም ይቀባ አይቀባ እዩ፣ መደብሩ ላይ ተጽፏል። ልብሱ ባላችሁበት የመሣሪያ ቅንብር እንዴት እንደሚታይም ሞክሩት። የራሱ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ላይ ግራፊክሱ ዝቅ ሲደረግ የሚያብረቀርቀው ብርሃን፣ የሚወዛወዘው ካባ፣ ከማውንቱ እግር የሚወጣው እሳት ብዙ ጊዜ ይጠፋሉ። የተከፈለበት ደግሞ እርሱ ነው።

ከዚህ ሆኖ መክፈል

ቴሌብርም ሆነ ሲቢኢ ብር በእነዚህ መደብሮች አይሠሩም። ብር የሚንቀሳቀስበት ካርድ ላይ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ የሚል ስለተጻፈ ብቻ ውጭ አገር ይከፍላል ማለት አይደለም። የሚከፍለው ከውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ጋር የተያያዘ ወይም ባንኩ ለዓለም አቀፍ ክፍያ ብሎ የሰጠው ካርድ ነው። ወደ ቅርንጫፍ ስትሄዱ "ካርድ አላችሁ?" ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ካርዱ ለኦንላይን ግዢ ክፍት ነው? ክፍያው በምን ምንዛሪ ይቆረጣል፣ ባንኩስ ስንት ይወስዳል? የማረጋገጫ ኮዱ በየትኛው ስልክ ቁጥር ይመጣል? በየወሩ ራሱን የሚደግም ክፍያ ይፈቀዳል? እነዚህን አራቱን አስመልሱ። የመጨረሻው መልስ "አይፈቀድም" ከሆነ ካርዱ ለአንድ ጊዜ ግዢ ሠርቶ ለወርሃዊው እምቢ ሊል ይችላል፤ ያኔ የጊዜ ኮድ (አካውንቱ ላይ ሲገባ የመጫወቻ ቀን የሚሞላ ቁጥር) መግዛት ይቀላል።

ካርዱ ከተገኘ መጀመሪያ የአካውንቱን አገር እዩ። ኢትዮጵያ የሚል ከሆነ እንዳለ ተዉት። ርካሽ ዋጋ ለማግኘት በቪፒኤን ሌላ አገር መምሰል ውል ማፍረስ ነው፣ የተገዛውም ዕቃ ከአካውንቱ ጋር ሊሄድ ይችላል። ቀጥሎ በካርዱ ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል፣ አድራሻውንም ባንኩ ዘንድ እንደተመዘገበው ጻፉ። ከዚያ ትልቁን ከመግዛታችሁ በፊት ርካሹን ዕቃ ሞክሩ። ለሙከራ ትንሽ ገንዘብ ተይዞ ሊለቀቅ ስለሚችል የዕቃውን ዋጋ ልክ ሳይሆን ጥቂት ጨምራችሁ ሒሳቡ ላይ ይኑር። 15 ዶላር ሒሳብ ላይ አድርጎ 14.99 መክፈል የሚከሽፈው ለዚህና ለአገልግሎት ክፍያው ነው።

የማረጋገጫ ኮዱ በቴክስት ሲመጣ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ኔትወርክ በሚጨናነቅበት ምሽት ኮዱ ዘግይቶ ሲደርስ ገጹ ጊዜው አልፎበት ይጠብቃል። ጠዋት ሞክሩት። ክፍያ እምቢ ሲል ወዲያው አምስት ጊዜ አትደጋግሙ፤ መደብሩም ባንኩም ሌባ ነው ብለው ካርዱን ያግዱታል። ሁለት ጊዜ እምቢ ካለ ለባንኩ ደውሉ፣ በማግስቱ ሞክሩ።

ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው መንገዱ ይቀለዋል፣ አሠራሩ ግን ልክ መሆን አለበት። የዘመድን ካርድ ቁጥር ተቀብሎ ከባሕር ዳር መሙላት መጥፎ ሐሳብ ነው፦ የአሜሪካ ካርድ ከኢትዮጵያ ኢንተርኔት ሲገባ ጥርጣሬ ያስነሣል፣ አካውንቱ ሊቆለፍ ይችላል። የሚሻለው ዘመድየው በራሱ ስም ከኩባንያው ወይም ከታወቀ ሱቅ የጊዜ ኮድ ገዝቶ መላክ ነው። ከመግዛቱ በፊት የአካውንታችሁን ክልል ጻፉለት፤ "ጋሼ፣ የአውሮፓ እንጂ የአሜሪካ እንዳይሆን" የምትል አንዲት መልእክት ብዙ ብር ታድናለች። ኮድ ከተፋቀ በኋላ ሱቁ አይመልስም። ዘመዱ ራሱ የሚጫወት ከሆነ ደግሞ ከመደብሩ በስጦታ መልክ የሚላኩ ዕቃዎች አሉ፣ በዚህ መንገድ ኮድም አያስፈልግም።

በቴሌግራም "ግማሽ ዋጋ" ብለው ኮድና ማውንት የሚሸጡትን ራቁ። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በተሰረቀ ካርድ የተገዛ ነው። የካርዱ ባለቤት ለባንኩ አቤት ሲል ገንዘቡ ከኩባንያው ይመለሳል፣ ኩባንያው ዕቃውን ከእናንተ ይወስዳል፣ አካውንቱንም ያግዳል። ይህ ከገዛችሁ ሳምንታት በኋላ ሊሆን ስለሚችል "ሠርቶልኛል" የሚለው የጓደኛ ምስክርነት ዋስትና አይሆንም። በዚሁ ምክንያት እናንተም ብትቆጩ ለባንክ "አላዘዝኩም" ብላችሁ ገንዘብ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ለአንድ ልብስ ሲባል ዓመታት የተደከመበት አካውንት ይዘጋል። በመጀመሪያ ለኩባንያው ድጋፍ ክፍል ጻፉ፣ ዕቃው ገና ካልተከፈተ መልስ የማግኘት ዕድሉ የተሻለ ነው።

መብራት ሲጠፋ፣ ዕቃው ሲዘገይ

በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ነጎድጓድ ባለበት ከሰዓት በኋላ ግዢ አትጀምሩ። "ክፈል" የሚለውን ተጭናችሁ መብራት ከጠፋ ሲመለስ እንደገና አትጫኑ። ኢሜይላችሁን በስልክ ዳታ ክፈቱ፤ ደረሰኝ ካለ ተከፍሏል። ደረሰኝ ከሌለ በአካውንቱ የግዢ ታሪክ ገጽ ላይ እዩ። "በሂደት ላይ" የሚል ከሆነ ቢያንስ አንድ ቀን ታገሡ። ሁለት ጊዜ የተገዛ ማውንት ሁለት ማውንት አይሆንም፣ ሁለት ጊዜ የወጣ ገንዘብ ነው።

ተከፍሎ ዕቃው ካልታየ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። ጌሙ ክፍት ሆኖ ተገዝቷል፤ ወጥታችሁ ግቡ። ዕቃው በጌሙ ፖስታ ተልኳል፣ ፖስታውን ሳትከፍቱ ስብስባችሁን ታያላችሁ። በሌላ ካራክተር ወይም በሌላ ክልል ተገዝቷል። ወይም ደግሞ ካራክተሩ ገና ነው፦ ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ የመጀመሪያውን ማውንት የሚያስገኘውን ተልእኮ ያልጨረሰ ሰው ከመደብር የገዛውንም መጋለብ አይችልም። አዲስ ጀማሪዎች ወደ ድጋፍ ክፍል የሚጽፉት ይህንን ነው፣ መልሱ ግን 20ኛ ደረጃ አካባቢ ድረስ መጫወት ብቻ ነው።

ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያዙት

የ30 ቀን ክፍያ ለእኛ አቆጣጠር የተሠራ ይመስላል። ጥቅምት 7 ከከፈላችሁ ኅዳር 7 ያልቃል። ጳጉሜን ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ነሐሴ 10 የተከፈለ መስከረም 10 ሳይሆን መስከረም 5 ያልቃል፣ ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት ደግሞ መስከረም 4። በፈረንጅ ወር የሚታደስ ክፍያ ከዚህ ይለያል፣ በየወሩ በእኛ ቀን ይንሸራተታል። ራሱን የሚያድሰውን ክፍያ ማቋረጥ ስትፈልጉ የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ፣ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ አቋርጡ። ካቋረጣችሁም በኋላ የከፈላችሁባቸውን ቀናት ትጨርሳላችሁ።

የቅናሽ ሰዓትም ያምታታል። መደብሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) 23:59 ይዘጋል ካለ ለእኛ ከሌሊቱ 8:59 ነው። በአሜሪካ ምዕራብ ሰዓት ጠዋት 10:00 የሚከፈት ሽያጭ በበጋቸው ለእኛ ከምሽቱ 2:00፣ በክረምታቸው ከምሽቱ 3:00 ነው።

የሰው ኮምፒውተር ላይ

ዩኒቨርሲቲው ግቢዎች አካባቢ ባሉ ጌም ቤቶች ወይም በጓደኛ ላፕቶፕ የሚጫወት ሰው መዋቢያ ዕቃ ያለበትን አካውንት ያለ ሁለተኛ ማረጋገጫ አይክፈት። ባትልኔትም ፋይናል ፋንታሲ 14ም በስልክ የሚሠራ የኮድ መተግበሪያ አላቸው። የመጀመሪያው ለተጠቀመበት ሰው ተጨማሪ የቦርሳ ቦታ ይሰጣል፣ ሁለተኛው አንድ ነጻ የመጓጓዣ መዳረሻ። መተግበሪያውን ስታስሩ የሚሰጣችሁን የአደጋ ጊዜ ቁልፍ በወረቀት ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ፤ ስልክ ሲሰረቅ ወይም ጣና ላይ በጀልባ ስትሄዱ ውኃ ሲገባው የሚያድናችሁ ያ ወረቀት ነው። "አስታውሰኝ" የሚለውን ምልክት አንሡ፣ ካርድ በሕዝብ ኮምፒውተር በጭራሽ አትሙሉ። ግዢውን በራሳችሁ ስልክ ጨርሳችሁ ለመልበስ ብቻ ጌም ቤት ግቡ። ለልጅ የምትከፍሉ ወላጆች ካርዱን አካውንቱ ላይ አታስቀምጡ፤ በኮድ ክፈሉለት።

ክፍያ ሲቋረጥ

የስድስት ወር ወይም የዓመት ክፍያ በወር ሲሰላ ትንሽ ይረክሳል። እዚህ ላለ ሰው ግን የአንድ ወሩ ይሻላል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆይ የተከፈለበት ቀን ቆሞ አልጠበቀም። ኩባንያው ቀን የሚቆጥረው እናንተ ገባችሁ አልገባችሁ ብሎ አይደለም። የኪሳራው መጠን ከአንድ ወር እንዳይበልጥ ማድረግ በእጃችሁ ነው።

ወርሃዊው ሲያልቅ በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት አካውንቱ ወደ ማስጀመሪያው ዓይነት ይወርዳል፣ እስከ 20ኛ ደረጃ ያሉ ካራክተሮችን ብቻ ያጫውታል፤ ማውንቶቻችሁ አይሰረዙም፣ ስትመለሱ አሉ። ኢቭ ላይ ወደ ነጻው ዓይነት ትወርዳላችሁ፣ ስኪኑ ይኖራል፣ የሚፈልገውን መርከብ ግን ላትበሩት ትችላላችሁ። የሚያሳስበው የፋይናል ፋንታሲ 14 ቤት ነው። ባለቤቱ 45 ቀን ካልገባበት ቤቱ ይፈርሳል። ለቤት ጌጥ ገንዘብ ያወጣ ሰው ይህን ቁጥር በልቡ ይያዝ። ከፈረሰ በኋላ ዕቃውን ከቤት ጠባቂው ማስመለስ የሚቻለው በ35 ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ እንደማትገቡ ካወቃችሁ፣ ለፈተና ሰሞንም ሆነ ለገጠር ጉዞ፣ ከመውጣታችሁ በፊት የተከፈለባቸውን ዕቃዎች ከግድግዳና ከወለል አንሥታችሁ ወደ ራሳችሁ ቦርሳና ማስቀመጫ መልሱ። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ኔትወርክ እያለ ሥሩት።